እርጅናን የሚያቆም መድኃኒት ቢመጣ ማን ይቅደም?

አወያይ፦ የዛሬ መከራከሪያችን ይኸው። እርጅናን የሚያቆም መድኃኒት ቢገኝ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ሞት አይቀርም፤ መኪናም ይገጫል፣ ወባም ይገድላል። ግን የ40 ዓመት ሰው ሰውነቱ 40 ላይ ይቆማል እንበል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ዛሬ በማንም እጅ የለም። ፍለጋው ግን የምር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አልቶስ ላብስ የተባለ ኩባንያ ለዚሁ ዓይነት ምርምር 3 ቢሊዮን ዶላር ይዞ ሥራ ጀምሯል።

ፋርማሲስቱ፦ ከሚታወቀው ልጀምር። ራፓማይሲን የሚባለው መድኃኒት የተገኘው በ1964 እ.ኤ.አ. ከፋሲካ ደሴት ከተወሰደ አፈር ነው። አሜሪካ በ1999 የፈቀደችው ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ነው። በ2009 ግን በዕድሜ ለገፉ አይጦች ተሰጥቶ ዕድሜያቸውን አራዘመ። ከአሥሩ ዘጠኙ እስኪሞቱ ባለው ጊዜ ሲለካ ሴቶቹ 14 በመቶ፣ ወንዶቹ 9 በመቶ ጨምረዋል። አይጥ ግን ሰው አይደለም። መድኃኒቱ አፍ ያቆስላል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። ለታመመ ሰው ይህን አደጋ መቀበል ያባት ነው። ምንም ያላመመውን ሰው ግን በምን ሒሳብ?

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ፈቃድ የሚጠብቅ የለም። በኢንተርኔት ከሐኪም ጋር አውርተው ራፓማይሲን የሚያጽፉ አሉ። ገንዘቡም የራሳቸው፣ ሰውነቱም የራሳቸው። ከልካይ ማን ነው?

ነርሷ፦ የራሳቸው ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ኦዘምፒክን አስታውስ። የስኳር መድኃኒት ነው። ለክብደት መቀነሻ ሲፈለግ እጥረት ተፈጠረ፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሩ። አሁን ደግሞ ሜትፎርሚንን አስብ። እኛም ጋ የስኳር ታካሚ በየቀኑ የሚውጠው ርካሽ ኪኒን ነው። እርጅናን ያዘገይ እንደሆነ ለማየት አሜሪካ ውስጥ 3,000 ሰው ላይ ሊሞከር ታቅዶ ዓመታት አለፉ። ፓተንቱ፣ ማለትም ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተሰጠው የማምረት መብት፣ ያለቀ መድኃኒት ትርፍ ስለሌለው ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋ። ነገ ይሠራል ቢባል ግን ጤነኛው ሁሉ ይሻማዋል። ያኔ በየወሩ ካርዷን ይዛ የምትመጣዋ ታካሚዬ «አልቋል» ትባላለች።

ሌላም ልንገራችሁ። በ1996 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒቶች ተቀናጅተው ሲሰጡ በሀብታም አገሮች ሰው ከሞት አፋፍ ይመለስ ጀመር። ዋጋው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም በ2005 እ.ኤ.አ.። እስከዚያ ሥራችን ምን ነበር? አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ቁስል ማጽዳት፣ ተቅማጥ ማስታገስ፣ አንሶላ መቀየር። መድኃኒቱ የሆነ ቦታ እንዳለ እናውቅ ነበር። ታካሚዎቹም ያውቁ ነበር። «ዋጋው ቀስ እያለ ይወርዳል» ሲባል እኔ ዝም ማለት አልችልም።

ከሜሪላንድ፦ እኅቴ፣ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ግን መድኃኒቱ አሜሪካ ባይፈቀድ ኖሮ ሲፕላስ ምኑን በርካሽ ይሠራው ነበር?

ነርሷ፦ አይፈቀድ አላልኩም። ወረፋው ቀድሞ ይወሰን ነው የምለው።

የገበሬው ልጅ፦ እኔ ከጎጃም ነኝ። አባቴ መሬት ያገኘው በ1989 ዓ.ም. ድልድል ነው። ከዚያ ወዲህ ድልድል የለም። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የሚተላለፈው በውርስ ወይም በስጦታ ነው። እኛ አራት ወንድማማቾች ነን፣ መሬቱም አራት ጥማድ። ሁለታችን የሰው መሬት በእኩል እናርሳለን። አባታችንን ዕድሜ ይስጥልን የምንለው ከልባችን ነው። ግን አያትም አባትም ልጅም ሦስቱም ጎልማሳ ሆነው አንድ ማሳ ላይ ሲቆሙ ማን ለማን ያወርሳል?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ጥያቄህ የሚገባ ነው። መልሱ ግን እኛ እንሙት አይደለም። እኔ 60 ሲሞላኝ በሕጉ መሠረት ወጣሁ። ፊዚክስ ለማስተማር ጉልበቱም ፍላጎቱም ነበረኝ። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ይህ መዋጮ 200 ዓመት የሚኖር ጡረተኛ አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ጡረታን ይርሳ፣ ይሥራ። እኔ ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ዓይኔን ሞራ ሲጋርደኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ይዤ ስቆም የሚጠቀም ማነው? እርጅና ጸጋ ነው የሚሉን ብዙዎቹ ያላረጁ ናቸው።

የገበሬው ልጅ፦ እርስዎ ሥራ ላይ ሲቆዩ ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ልጅስ መምህር?

ጠበቃዋ፦ ሥራውም መሬቱም በሕግ መላ ይገኝለታል። እኔን የሚያስፈራኝ ወንበሩ ነው። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ፑቲንና ሺ ጂንፒንግ አብረው ሲራመዱ ማይክሮፎን ንግግራቸውን ያዘው። የሚያወሩት ስለ አካል ንቅለ ተከላና በዚህ ክፍለ ዘመን ሰው 150 ዓመት ሊኖር ስለመቻሉ ነበር። ሁለቱም ያኔ 72 ዓመታቸው ነው። ፖል ቢያ ካሜሩንን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየመሩ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን በሁለት የሥልጣን ዘመን ይገድባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን አይገድብም። እንዲህ ባለ አገር መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ገደቡ ይግባ።

ዲያቆኑ፦ ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ተብሎ ተጽፏል። ረጅም ዕድሜ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። እኔም ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ነገሩ ያለው ወረፋው ላይ ነው።

አወያይ፦ ነርሷ፣ ወረፋው እንዴት ይሁን?

ነርሷ፦ መድኃኒቱ ለሕክምና የሚያስፈልገው ታማሚ አንደኛ። ከእሱ የተረፈው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች፣ በዕጣ። ጤነኛው የ40 ዓመት ሰው፣ ብር ቢኖረውም፣ መጨረሻ። ሙከራው የተደረገበት አገር ደግሞ መድኃኒቱን በማምረቻ ዋጋ ያግኝ፤ ይህ ሙከራው ሳይጀመር ይፈረም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የኢትዮጵያ አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ በ1990 እ.ኤ.አ. 47 ገደማ ነበር፣ አሁን ወደ 67 ደርሷል። ይህን ያመጡት ክትባት፣ የወሊድ ክትትልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የእነሱ በጀት ለዚህ ኪኒን ተብሎ እንዳይነካ።

ከሜሪላንድ፦ ብር ያለው ውጭ ሄዶ ይገዛዋላ።

ነርሷ፦ ይግዛ። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛውን ግን አይንካ።

የገበሬው ልጅ፦ እንዲህ ከሆነ አባቴም ዕጣ ውስጥ ይግባ፣ 60 አልፎታል። ግን ኪኒኑን የሚጀምር ሰው መሬት ካለው ከፊሉን በዚያው ጊዜ ለልጆቹ በስጦታ ያስተላልፍ። ይህ ሕግ ሆኖ ካልወጣ እቃወማለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ አባትህ እሺ ይላል?

የገበሬው ልጅ፦ ዛሬ ማታ እደውልለትና እጠይቀዋለሁ።