የዘጠኝ ወር ክትባቴ አይቆጠርም አሉኝ

የሄርማታ ልጅ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኒውዮርክ ስቴት ኮሌጅ አግኝቼ ቪዛውም ወጥቶልኛል። የምበረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን ፖርታሉ ላይ "የክትባት ማስረጃ አልተሟላም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣብኝ። ኮርስ መመዝገብ አልቻልኩም። እማዬ ቁም ሳጥኑን ገልብጣ የልጅነት ካርዴን አገኘችው። ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ በ9 ወሬ ኩፍኝ መከተቤ ግን ይነበባል። ስካን አድርጌ ብልክ አይቆጠርም አሉኝ። የቲቢ ምርመራም ይፈልጋሉ። ክንዴ ላይ የልጅነት የቲቢ ክትባት ጠባሳ አለ፣ እሱ ጉድ ያመጣብሻል የሚሉኝ አሉ። እዚሁ ልከተብ ወይስ እዚያ ስደርስ?

ነርሷ (ሮቸስተር)፦
እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ። ኮሌጁ ተንኮል አስቦ አይደለም፣ የስቴቱ ሕግ ነው። በፈረንጅ ከ1957 ወዲህ ተወልዶ 6 ክሬዲትና ከዚያ በላይ የሚመዘገብ ሁሉ ኩፍኝ ሁለቴ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ የሚሉት) ደግሞ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ መከተቡን ያሳያል። የሚቆጠረው ደግሞ ዓመት ከሞላሽ ወዲህ የተወጋሽው ነው። በ9 ወር ከእናት የመጣው መከላከያ ከሕፃኑ ደም ገና ስላልጠፋ ክትባቱ በደንብ ላይዝ ይችላል። እኛ አገር ቀድሞ የሚሰጠው ኩፍኝ ትንንሾቹን ቶሎ ስለሚቀጥፍ ነው። ሁለተኛው ዙር የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ አንቺን አልደረሰሽም።

ሦስቱን በአንድ የያዘውን ክትባት እዚያ ካገኘሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። በሁለቱ መሐል 28 ቀን ይበቃል። ካላገኘሽም አትደንግጪ፣ ከውጭ ለሚመጣ እስከ 45 ቀን ሊታገሱ ይችላሉ። የደም ምርመራም አለ፣ መከላከያው ደምሽ ውስጥ ከተገኘ መርፌው ይቀራል።

አጂፕ ሰፈር (ዳላስ)፦
ምን ይህን ሁሉ ያስለፋታል? ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብላ ትጻፍ፣ አለቀ። ኒውዮርክ በፈረንጅ 2019 ለታችኛው ትምህርት ቤት ቢሰርዘውም ለኮሌጅ ይሠራል። እኛ ቴክሳስም ከ22 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው። የእህቴ ልጅ ኅሊናዬ አይፈቅድም የሚለውን ፎርም ሞልቶ ገባ።

ነርሷ፦
ልጅቷን በውሸት ፈርሚ ነው የምትላት? ወረርሽኝ የተነሳ ቀን ያልተከተበውን ከግቢ ያስወጡታል። ያኔ የከፈለችውን ኪራይ አንተ ትተካላታለህ?

አጂፕ ሰፈር፦
ሰውነቷ የራሷ ነው። መንግሥት ምን አገባው?

ነርሷ፦
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ 1905 በፈንጣጣ ክትባት ላይ ፈርዷል እኮ። ስቴት ማስገደድ ይችላል ብሏል። የሞተ ነገር አትቀስቅስ።

አባ ቡና (ሚኒሶታ)፦
ፈንጣጣ ስትሉ አባቴ ትዝ አለኝ። ፊቱ ሁሉ የእሷ ጠባሳ ነበር። ሄርማታ የሚለውን ሳነብማ ሆዴ ባባ። ጅማን ካየኋት 14 ዓመቴ። እሁድ እሁድ የጂረንን ዳገት ወጥተን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ እንቀመጥ ነበር፣ ከታች ከተማዋ በጭጋግ ተሸፍና። አሁን ስልኩ ሲጮህ እንኳ እፈራለሁ፣ ወይ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው ወይ የትምህርት ቤት ክፍያ።

ስለ ቲቢው፣ እኔን የቆዳውን መርፌ ወግተውኝ ክንዴ አበጠ። ዘጠኝ ወር ክኒን ዋጥኩ። በኋላ ነው የልጅነት ክትባቱም እንደዚያ ሊያሳብጥ እንደሚችል የሰማሁት። የደሙን ይሥሩልኝ በይ፣ እሱን ጠባሳው አያሳስተውም። ደግሞ ሻንጣሽ ቦታ ካለው አንድ ኪሎ የሊሙ ቡና ያዢልኝ፣ ቆልተሽ።

የሄርማታ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። የቲቢውን የደም ምርመራ ግን ጅማ የት እንደሚሠሩት የሚያውቅ አለ?

አጂፕ ሰፈር፦
ነርሷ፣ በ1905ቱ ፍርድ አልከተብም ያለው ሰውዬ እኮ የተቀጣው 5 ዶላር ነው! ይዞ የወጋው የለም። አንብቢው።

ነርሷ፦
5 ዶላር በዚያ ዘመን ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?

አባ ቡና፦
ሁለት ኪሎ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር።