የቀለምና የዲዛይን መሠረታዊ ሥልጠና፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በረቂቁ መሠረት ሥልጠናው በቀለም ክብ፣ ማለትም ቀለማት በክብ ተደርድረው በሚታዩበት ሥዕል፣ ይጀምራል፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሠረታዊ ቀለማት ተብለው ይሰጣሉ፤ ተቃራኒና ጎረቤት ቀለማት ይከተላሉ፤ ሚዛን፣ ቅንብርና ባዶ ቦታ በመጨረሻው ክፍል ይመጣሉ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የኅትመት ባለሙያ፦
እነዚህን ሦስቱን ብቻ መሠረታዊ ማለት ሠልጣኙን ሥራ ላይ ግራ ያጋባዋል። ማተሚያ የሚሠራው በሳያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ሲሆን፣ ስክሪን ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ነው። ብርሃን ሲደመር ወደ ነጭ ያመራል፤ የኅትመት ቀለም ግን ከወረቀቱ የሚንጸባረቀውን ብርሃን እየቀነሰ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲደበዝዝ ደንበኛ የሚወቅሰው ማተሚያ ቤቱን ነው። መሠረታዊ ቀለማት እንደ መሣሪያው እንደሚለያዩ በሐሳቡ ይጻፍ።

የሥልጠና ክፍል አባል፦
ባልደረባዬ ያነሡትን እደግፋለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሴል በ1905 ባሳተመው ሥርዓት ቀለምን በዓይነቱ፣ በብርሃን መጠኑና በድምቀቱ ለይቶታል፤ የቀለም ክብ የሚያሳየው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። የጀማሪ ሥራ ደግሞ እንደማየው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለተኛው ነው። ቀይና አረንጓዴ በክቡ ላይ ፊት ለፊት ቢቀመጡም፣ የብርሃን መጠናቸው ከተቀራረበ በቀይ መደብ ላይ የሰፈረ አረንጓዴ ጽሑፍ ጠርዙ እየተርገበገበ ዓይን ያደክማል፤ ሁለቱን ቀለማት መለየት ለሚቸግረው አንባቢም ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የጽሑፍና የመደብ ንጽጽር ሲጠይቅ የሚለካው የብርሃንን መጠን እንጂ የቀለሙን ዓይነት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ይሁን።

የኅትመት ባለሙያ፦
ቀለም ሊማር የመጣ ሰው በግራጫ ብቻ ቢቆይ አይሰለችም?

የሥዕል መምህር፦
ልምምዱ አጭር ከሆነ አይሰለችም። አንዱን ግራጫ ቁራጭ በጥቁርና በነጭ መደብ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ በጥቁሩ ላይ ያለው የነጣ መስሎ ሲታይ ሠልጣኙ ራሱ ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በፓሪሱ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ስለ ጥቁር ክር ጥራት የቀረበውን ቅሬታ ሲመረምር፣ ችግሩ ከማቅለሚያው ሳይሆን አጠገቡ ካሉት ቀለማት መሆኑን ደርሶበት በ1839 አሳትሞታል። በዚያው ግራጫ ልምምድ ዓይን መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድም ይታያል፤ ስለዚህ ቅንብርን እስከ መጨረሻው ማቆየት አያስፈልግም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ የተሻሻለው ንባብ እንዲህ ይሁን፦ «ሥልጠናው የብርሃን መጠንንና ቅንብርን በአንድነት በግራጫ ልምምድ ይጀምራል፤ የቀለም ክብ ቀጥሎ ይሰጣል፤ መሠረታዊ ቀለማትም ለስክሪን፣ ለኅትመትና ለሥዕል ተለይተው ይቀርባሉ።» የኅትመት ባለሙያው አንዱን ምስል በስክሪንና በወረቀት የሚያነጻጽር ናሙና ቢያዘጋጁልን ከሐሳቡ ጋር አባሪ እናደርገዋለን።

የኅትመት ባለሙያ፦
አዘጋጃለሁ። በአንጸባራቂና በደብዛዛ ወረቀት ላይም አትመዋለሁ፤ ልዩነቱ እዚያም ይታያልና።