10 ኤችፒ እና 7.5 ኪሎዋት፦ የቱ ሞተር ይበልጣል? ፈረሱስ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ባለወፍጮ
ሰላም ቤተሰብ። ለእህል ወፍጮ ሞተር ልገዛ ነው። አንዱ ሱቅ «10 ኤችፒ» የሚል አሳየኝ፣ ሌላው «7.5 ኪሎዋት»። የመጀመሪያው ሻጭ «የኔ ይበልጣል፣ ቁጥሩን አታይም?» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ኤችፒ የፈረስ ጉልበት ከሆነ፣ ሞተርና ፈረስን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያኑ
እኩል ናቸው ወንድሜ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። አሥሩ 7.46 ኪሎዋት ይመጣል፤ ፋብሪካዎች 7.5 ብለው ይጽፉታል። ሻጩ በቁጥር ሊሸውድህ ነው። ይልቅ ጥቅልሉ መዳብ ነው አሉሚኒየም ብለህ ጠይቅ። ዙሩንም እይ፤ ከወፍጮህ ፑሊ ጋር ካልተስማማ ጉልበቱ ብቻውን አያዋጣም።

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ
የፈረሱን እኔ ልንገርህ። ነገሩ የገበያ ጉዳይ ነው። ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን የእንፋሎት ሞተራቸውን ለማዕድን ባለቤቶች ሲሰጡ፣ ከድሮው የኒውኮመን ሞተር አንጻር ከተቆጠበው ከሰል የሲሶውን ዋጋ ይቀበሉ ነበር። ወፍጮውንና ቢራ ፋብሪካውን በፈረስ የሚያሽከረክር ሰው ግን ከሰል አያነድም። ከምኑ ላይ ሲሶ ይወሰዳል? ስለዚህ «ይህ ሞተር ይህን ያህል ፈረስ ይተካል» ማለት ግድ ሆነ።
ዋት እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ስሌቱን ሠራ። የወፍጮ ፈረስ መሐሉ 12 ጫማ በሚርቅ ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፣ በ180 ፓውንድ ኃይል ይስባል ብሎ። ውጤቱን አጠጋግቶ በደቂቃ 33,000 ጫማ-ፓውንድ አደረገው። በእኛ መለኪያ 76 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ሞተርን ከፈረስ ጋር ማነጻጸሩን ግን እሱ አልጀመረውም፤ ከእሱ በፊት የእንፋሎት ፓምፕ የሠራው እንግሊዛዊ ቶማስ ሴቨሪ እ.ኤ.አ. በ1702 ጽፎታል።

ጥያቄ፦ ጀማሪው
እና አንድ ፈረስ በእርግጥ አንድ የፈረስ ጉልበት አለው?

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ
ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ብዙዎቹ ፈረሶች እዚያ አይደርሱም፣ ዋት ለፈረስ ቸር ነበር። ለጥቂት ሰከንድ ከሆነ ግን እስከ 15 ይደርሳል። ለገዢ የሚመች ስሌት ነው፤ ሞተሩ ከተባለው ፈረስ በላይ ይሠራል እንጂ አያንስም።

መልስ፦ ጋራዥ
ከጀርመን በመጣ መኪና ላይ «ፒኤስ» ካያችሁ የጀርመኖቹ የፈረስ ጉልበት ነው፤ አንዱ 735.5 ዋት ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ አትጨነቁ።

ባለወፍጮ
ተባረኩ። ባለ 7.5 ኪሎዋቱን ነገ ልወስደው ነው።

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያኑ
ቆይ፣ ቆጣሪህ ስንት ፌዝ ነው? ይህን የሚያህል ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በሶስት ፌዝ ነው የሚሠራው። እሱን ሳታይ ብር እንዳትከፍል።