ክርክር፦ የኩቺ ጎሳ ከማን ይወለዳል?

ሐረግ ፈላጊ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዙሪክ ውስጥ በምሠራበት ወጥ ቤት ሁለት የሞንቴኔግሮ ሰዎች አብረውኝ አሉ። አንዱ ከፖድጎሪጻ ከተማ በላይ ካለው ከኩቺ ተራራ ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው፣ ራሱን ሰርብ ብሎ ይጠራል። ሌላው የቱዚ ከተማ ልጅ ነው፤ አልባኒያዊ፣ ካቶሊክ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ፈረቃ እየሸፈነ ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ የቱዚው ልጅ "እናንተ ኩቺዎች እኮ የኛው ናችሁ፤ ቋንቋችሁን የጣላችሁ አልባኒያውያን ናችሁ" አለው። ያኛው ሲኒውን አስቀምጦ ተነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ "ድስቱን አቀብለኝ" እንኳ አይባባሉም።

ነገሩ የሁለት ሰው ኩርፊያ ብቻ ቢሆን እዚህ አላመጣውም ነበር። በ2023 ሞንቴኔግሮ ሕዝቧን ስትቆጥር "ብሔርህ ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ አገሩን ሁሉ ሲያነታርክ ነበር። ከ623,633 ሰው 41.12 በመቶው ሞንቴኔግራዊ፣ 32.93 በመቶው ሰርብ፣ 4.99 በመቶው አልባኒያዊ ነኝ ብሏል። በ2011 ቆጠራ ሰርብ ነኝ ያለው 28.73 በመቶ ነበር። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ሰርብ፣ አንዱ ሞንቴኔግራዊ ብለው የሚመዘገቡበት አገር ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው፦ ኩቺ በዘሩ ማን ነው? ደግሞስ የዘር ቆጠራ ይህን ሊፈርድ ይችላል? ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንያዝ።

ሰነድ ይናገር፦
እህቴ፣ የቱዚው ልጅ አነጋገሩ ቢሻክርም የተናገረው መሠረት አለው። የኩቺ ስም ቀድሞ የሚገኘው በ1330 የሰርቢያው ንጉሥ ለዴቻኒ ገዳም በሰጠው የርስት ቻርተር ላይ ነው፤ ፔታር ኩች የሚባል ሰው ከአልባኒያውያን እረኞች ሰፈር ጋር ተመዝግቧል። ቀጥሎ በ1485 የኦቶማን ግብር ጻፊዎች የሽኮድራን አውራጃ ሲመዘግቡ ኩቺን ራሱን የቻለ ወረዳ አድርገው 253 ቤት ቆጠሩ። ከዚያ በ1614 ማሪያኖ ቦሊጻ የሚባል የባሕር ዳርቻዋ የኮቶር ከተማ መኳንንት ለቬኒስ መንግሥት በጻፈው ዘገባ "ኩቺ አልባኒያውያን" ብሎ 490 ቤትና 1,500 የታጠቀ ሰው አስፍሯል። ቦሊጻ ጎረቤት ነው። ማን ምን እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ነው፤ በአልባኒያዊ ስም ሊጠራቸው የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ታዲያ ይህ ሁሉ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ከተለያየ እጅ የተጻፈ ሆኖ ሳለ ዛሬ ለምን ስድብ ይሆናል?

ደጀ ሰላም፦
ወንድሜ፣ የጠቀስከውን ዘገባ እስከ መጨረሻው አንብበው። ያው ቦሊጻ የኩቺን አለቆች ሲጠራ "ላሌ ድሬካሎቭ" እና "ኒኮ ራይችኮቭ" ይላል። "ኦቭ" የሚለው ጭራ የስላቭ ነው፤ የድሬካሌ ልጅ፣ የራይችኮ ልጅ ማለት ነው። በ1485 መዝገብም የአልባኒያና የስላቭ ስም በአንድ መንደር ጎን ለጎን ይገኛል። አባት የአልባኒያ ስም ይዞ ልጁን በስላቭ ስም ይጠራል። አንተ ከመዝገቡ ግማሹን ብቻ ነው ያነበብክልን።

ደግሞ የባለቤቱስ ቃል? የኩቺ ትልቁ ሰው ማርኮ ሚልያኖቭ ነው። በ1833 ሜዱን ተወለደ፤ ፊደል የቆጠረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ያንን ሁሉ የጎሳውን ታሪክ የጻፈው በሰርብኛ ነው። በ1876 ፉንዲና ላይ ኩቺን አሰልፎ ኦቶማንን ያሸነፈው ከሞንቴኔግሮ ጎን ቆሞ ነው። በ1878 የበርሊን ጉባኤ ኩቺን ለሞንቴኔግሮ ሲያጸናላት ሕዝቡ ቀድሞውኑ በደሙ መርጦ ነበር። ሃይማኖቱ ኦርቶዶክስ፣ ዘፈኑና ለቅሶው በስላቭ ቋንቋ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ቅድመ አያቱ ምን ቋንቋ ይናገር ነበር ብለህ የዛሬውን ሰው ስም ልትነጥቀው አትችልም።

ሰነድ ይናገር፦
ስም አልነጠቅኩም። የመጣበትን ነው የተናገርኩት፤ የተጠየቅነውም እሱን ነው። "በደሙ መረጠ" ላልከው ደግሞ 1856ን አትዝለል። ኩቺዎች ለሞንቴኔግሮው ልዑል ዳኒሎ አንገዛም፣ ግብር አንከፍልም ባሉ ጊዜ ልዑሉ ወንድሙን ሚርኮ ፔትሮቪችን ላከባቸው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ታረደ፤ አብዛኛው ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን። ያረዷቸው ኦርቶዶክሶች ናቸው፣ ቋንቋቸው አንድ ነው። ይህ ጎሳ ሞንቴኔግሮ የሆነው በፍቅር ብቻ አይደለም።

ደጀ ሰላም፦
ይህን አልክድም። እውነት ነው፣ አሳፋሪም ነው። ነገር ግን እንዲያ ተበድለው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ፉንዲና ላይ ማንም ሳያስገድዳቸው ከማን ጋር እንደቆሙ አስተውል።

የድሮ ተማሪ፦
ልጆቼ፣ እኔ በንጉሡ ዘመን ቤልግሬድ የተማርኩ ነኝ። ያኔ ከዩጎዝላቪያ ጋር ወዳጅነታችን የጠበቀ ስለነበር ብዙዎቻችን እዚያ ነው የተላክነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኩቺ ነበር። አንድ ክረምት ወደ አገሩ ወሰደኝ፤ ፖድጎሪጻ ያን ጊዜ ቲቶግራድ ትባል ነበር። ሜዱን የሚባለው አምባ ላይ ወጣን። የጥንት ኢሊሪያውያን ምሽግ ነው፤ ሮማውያን በ168 ዓመተ ዓለም የንጉሥ ጌንቲየስን ቤተሰብ የማረኩት እዚያ ነው። ግድግዳው የተሠራበት ድንጋይ አንድ በሬ ያክላል። እዚያው የማርኮ ሚልያኖቭ ቤትና መቃብር አለ።

ማታ የጓደኛዬ አባት አባቶቹን ቆጠረልኝ። እሱ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ እያለ አሥራ አራት ደረሰ። እኔ ሰባት ቤት መቁጠር ከአያቴ ተምሬ ነበርና በጣም ኮራሁ፤ በነሱ ዘንድ ግን ሰባት የልጅ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ የማያውቅ ሰው ቤት የለውም ይባላል።

ያን ቀን የገባኝን ልንገራችሁ። እናንተ "ኩቺ ከማን ይወለዳል" ብላችሁ ትከራከራላችሁ፤ ኩቺ ራሱ ግን ከአንድ አባት ነኝ ብሎ አያውቅም። "የድሮ ኩቺዎች" የሚባሉ አሉ፣ "ድሬካሎቪቺ" የሚባሉ አሉ። ሁለቱም በየፊናው የየራሱን ምንጭ ይናገራል። ድሬካሎቪቺዎች ከአልባኒያው ጀግና ከስካንደርቤግ ቤት ከካስትሪዮቲ እንወርዳለን ይላሉ፤ የድሮዎቹ ወደ ሰርብ መኳንንት ይወስዱታል። ተራራው ላይ ደግሞ ቡኩሚር የሚባል ሐይቅ አለ። ቡኩሚሮች ከሁሉም በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስማቸውን ብዙዎች ከአልባኒያኛ "ጥሩ እንጀራ" ብለው ይፈቱታል፣ "ቡኬ" እንጀራ፣ "ሚሬ" ጥሩ። ዛሬ ቡኩሚር የሚባል ጎሳ የለም። የሄዱበት ቦታ የለም፤ በኩቺ፣ በፒፔሪ፣ በብራቶኖዢቺ ውስጥ ተሟሟ። ጎሳ ማለት በዚያ አገር ግጦሽና ጠመንጃ ያስተሳሰራቸው ቤቶች ኅብረት ነው። የዘር ሐረጉ የሚነግርህ ከማን እንደተወለድክ ብቻ አይደለም፤ ደምህ ቢፈስ ማን እንደሚነሣልህም ይነግርሃል።

እናት ወገን፦
ጋሼ፣ አሥራ አራቱን አባቶች ሲቆጥሩልዎ ስንት እናት ተጠራ?

የድሮ ተማሪ፦
አንድም አልተጠራም የኔ ልጅ።

እናት ወገን፦
የኔ ነገር ከዚህ ይጀምራል። በዚያ ተራራ በአንድ ወንድማማች ቤት ውስጥ መጋባት ነውር ነው፤ ምንም ያህል ትውልድ ቢርቅ "እህቴ ናት" ይባላል። ስለዚህ ሚስት ከሌላ ቤት፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ጎሳ ትመጣለች። የኩቺ ጎረቤት ማን ነው? በአንድ በኩል ፒፔሪ፣ ብራቶኖዢቺ፣ ስላቭ ተናጋሪዎች። በሌላ በኩል ዛትሪየባች፣ ሆቲ፣ አልባኒያኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች። ልጅ አፉን የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው። አባትየው ግብር ጻፊው ፊት ቀርቦ አንድ ስም ያስመዘግባል፤ ማጀት ውስጥ ግን ሌላ ቋንቋ ይነገራል። ደጀ ሰላም አባት በአልባኒያ ስም፣ ልጅ በስላቭ ስም የተጻፈበትን መዝገብ አንሥተህ ነበር። ያንን ልጅ ስም ያወጣለት ማን ይመስልሃል?

ሁለታችሁም የምትጣሉበት ሐረግ ግማሽ ዛፍ ነው። ከአሥራ አራት ትውልድ ወደ ኋላ ሲኬድ አንድ ሰው ከአሥራ ስድስት ሺህ በላይ የአያት ቦታ አለው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አሥራ አራቱን ወንዶች መዛችሁ ነው "ይኸው ማንነቱ" የምትሉት።

ደጀ ሰላም፦
እሱስ ልክ ነሽ፤ ስሙን እናቱ ልታወጣ ትችላለች። ግን ይህ ለኔ ነው የሚያግዘው፤ ዘር እንዲህ ከተቀላቀለ የሚቀረው ሰው የኖረበት እምነትና የመረጠው ወገን ነው።

ሰነድ ይናገር፦
እኔ ግን በዚህ "ሁሉም ተቀላቅሏል" በሚል መልስ አልስማማም፤ የምር ነው የምናገረው። መቀላቀሉ እውነት ነው። ነገር ግን ወንዙ የፈሰሰው ወደ አንድ ወገን ነው። በ1614 "አልባኒያውያን" የተባለው ጎሳ ዛሬ በአብዛኛው አልባኒያኛ አያውቅም። በተቃራኒው የሆነው፣ ማለትም ስላቭ ሆኖ የተጻፈ ጎሳ በዚያው ሸለቆ አልባኒያዊ ሆኖ የቀረው፣ የት አለ? "ድብልቅ ነን" ብሎ ዝም ማለት ቋንቋው ለጠፋበት ወገን ፍትሕ አይደለም። የቱዚው ልጅ የጮኸው ይህንን ነው። የሱ ሕዝብ በገዛ አገሩ አምስት በመቶ ነው። የጎረቤቱ ተራራ አንድ ጊዜ የሱን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ማወቅ ለሱ ትልቅ ነገር ነው፤ መስማት የሚፈልገው "አዎ፣ ነበር" የሚል ቃል ብቻ ነው።

እናት ወገን፦
ይህን አልቀበልም ብል ውሸት ይሆንብኛል። "አዎ፣ ነበር" መባል አለበት። እኔ የምቃወመው ቀጥሎ የሚመጣውን "ስለዚህ የኛ ናችሁ" የሚለውን ነው።

ደጀ ሰላም፦
እኔም "ነበር" ለማለት አይከብደኝም። ማርኮ ሚልያኖቭ ራሱ ስለ አልባኒያውያን ኑሮና ልማድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ከሞተ በኋላ በ1908 ታትሟል። ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋቸው ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሲጽፍ ግን በክብር ነው። ቃላቸውን "ቤሳ" ሲሰጡ እንዴት እንደሚሞቱለት ይመሰክራል። "ቤሳ" የሚለው ቃል ራሱ ከአልባኒያኛ ወደ ሞንቴኔግሮዎች አፍ ገብቶ ዕርቅና ተኩስ ማቆም ማለት ሆኗል። ከጠላትህ የምትዋሰው የመጀመሪያው ቃል "ቃል ኪዳን" ከሆነ ጠላትነቱም ሌላ ዓይነት ነበር ማለት ነው። እኔ የምፈራው ይህ ዕውቀት ለቆጠራ ዘመቻ መሣሪያ ሲሆን ነው። አንዱ ፓርቲ "አልባኒያዊ ነበርክ"፣ ሌላው "ሰርብ ነህ ካልሆንክ ከሃዲ ነህ"፣ ሦስተኛው "ሁለቱም አይደለህም፣ ሞንቴኔግራዊ በል" ይለዋል። ሰውየው በገዛ ቤቱ በር ላይ ሦስት ዳኛ ቆሞበታል።

የድሮ ተማሪ፦
በዚያ ምድር አንድ የቆየ ተረት አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦስትሪያ ቆንስል የነበረው ሃን ከጎሳ ሽማግሌዎች ጽፎታል። ሆቲ፣ ፒፔሪ፣ ቫሶየቪቺ፣ ክራስኒቺ፣ የነዚህ ሁሉ አባቶች ወንድማማቾች ነበሩ ይላል። ልብ በሉ፤ ሆቲ አልባኒያዊ ካቶሊክ ነው፣ ክራስኒቺ አልባኒያዊ እስላም፣ ፒፔሪና ቫሶየቪቺ ስላቭ ኦርቶዶክስ። ሦስት ሃይማኖት፣ ሁለት ቋንቋ፣ በተረቱ አንድ ማሕፀን።

ሰነድ ይናገር፦
ጋሼ፣ ያማረ ተረት ነው፤ ታሪክ ግን አይደለም። ሆቲና ፒፔሪ ወንድማማች ለመሆናቸው ሰነድ የለም።

የድሮ ተማሪ፦
አይደለም ልጄ፣ አልከራከርህም። ግን ሽማግሌዎቹ ይህን የሚያወሩት እርስ በርስ ደም እየተቃቡ ባሉበት ዘመን ነው። ከብት እየተዘራረፉ፣ ወንድም እየተገዳደሉ፣ ማታ እሳት ዳር "ወንድማማች ነበርን" ይሉ ነበር። ሲታረቁ ወደዚያ ተረት ነው የሚመለሱት። ያንተ ሰነድ የማይመዘግበው ሥራ ነው።

ሐረግ ፈላጊ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ለኩቺው ልጅ የእናት ወገንን ጥያቄ አቀረብኩለት፤ የእናትህ እናት ከየት ናት አልኩት። አባቶቹን አሥራ ሁለት ድረስ ወዲያው ቆጠረልኝ። አያቱን ግን "ከወዲያኛው ሸለቆ ነው ያመጧት" ብቻ አለ፤ ጎሳዋን አያውቅም። አፍሮ አይደለም፣ በእውነት ጠይቆ አያውቅም። እናቱ ዘንድ እደውላለሁ ብሎኛል። ከቱዚው ልጅ ጋር አሁንም አልታረቁም።

ደጀ ሰላም፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድሬካሎቪቺዎች መጀመሪያ ካቶሊክ ነበሩ፣ ኋላ ነው ወደ ኦርቶዶክስ የዞሩት የሚል ወግ አለ። የጓደኛዎ አባት ከድሬካሎቪቺ ከሆኑ፣ ሲቆጥሩ እዚያ ጋ ምን አሉ?

የድሮ ተማሪ፦
ድሬካሎቪቺ ናቸው። ላሌን ጠሩ፣ ቀጥለው ድሬካሌን ጠሩ። "እሱ ላቲን ነበር" አሉ፤ ካቶሊክን እንዲያ ነው የሚሉት። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ብርጭቆዬን ሞሉልኝና የድሬካሌን አባት ጠሩ።