ሞሬሎ ቼሪ አበባው እየሳሳ፣ ቅጠሉም ያለጊዜው እየረገፈ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛፉ ሞሬሎ የሚባለው ኮምጣጣ ቼሪ ነው፤ ከተተከለ 6 ዓመቱ። አበባው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው፣ ካበበውም ግማሹ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። ፍሬው በሚበስልበት ሰሞን ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የሚገረዘው በብርዱ ወራት ነው፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሙሉ ይቆረጣል። በአቅራቢያው ሌላ ቼሪ የለም። አጋር እንዲሆነው ሁለተኛ ዛፍ ልትከል?

መልስ 1፦
ለዚህ ብለህ አትትከል። አጋር የሚፈልገው አብዛኛው ጣፋጭ ቼሪ ነው፤ ኮምጣጣው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል፣ ንብ ከጎበኘው ይበቃዋል።
አበባው የሳሳው በአገራረዙ ነው። ሞሬሎ በዋናነት የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ነው። ጫፉን በሙሉ ስትቆርጥ የመጪውን ዓመት አበባ አብረህ ጣልከው። ፍሬው እንደተለቀመ፣ ደረቅ ቀን መርጠህ፣ ካፈሩት አሮጌ ቅርንጫፎች ሩብ ያህሉን ብቻ አውጣ፤ እያንዳንዱን አሮጌ ቅርንጫፍ፣ ወጣት ቀንበጥ ካለበት ቦታ በላይ ቁረጠው። ቀንበጡን ራሱን አትንካ። በብርድና በእርጥበት የተቆረጠ ቼሪ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ሙጫ የሚያስነባው ባክቴሪያና ቅጠሉን ብርማ የሚያደርገው ፈንገስ የሚገቡት በዚያ በኩል ነው።

መልስ 2፦
በግርዛቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የቅጠሉን ነገር ቸል አትበል፣ እኔ ከእሱ እጀምር ነበር። የገለጽከው የቼሪ ቅጠል ነጠብጣብ በሽታ ይመስላል። እርጥበት ባለበት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጠህ እይ፤ በነጠብጣቡ ሥር ነጣ ያለ የፈንገስ ክምችት ካየህ እሱ ነው። ቅጠሉን በጊዜ ያጣ ዛፍ ስንቅ ሳይቋጥር ብርዱ ይደርስበታል፤ እምቡጡ ይሞታል፣ በቀጣዩ ዓመት አበባው ይቀንሳል።
ፈንገሱ ብርዱን የሚያሳልፈው መሬት ላይ በወደቀው ቅጠል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን እስከ መጨረሻው ጠርገህ ቅበረው ወይም አቃጥለው። ውሃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አታጠጣ። በየዓመቱ የሚመላለስ ከሆነ ለቼሪ የተፈቀደ ፀረ ፈንገስ የአበባው ቅጠል እንደረገፈ ጀምር፣ መጠኑንና በየስንት ቀኑ እንደሚረጭ ከመለያው ላይ አንብብ። ነጠብጣቡ ከወጣ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት የታመመውን ቅጠል አያድነውም።

መልስ 3፦
የደረቁት አበቦች ጉዳይ አልተነካም። አንዱን በምላጭ ሰንጥቀህ መሐሉን ተመልከት። የአበባው ቅጠል ደህና ሆኖ መሐሉ ከጠቆረ ውርጭ ነው፤ የተከፈተ አበባ በ−2 ዲግሪ ሴልሺየስ መሞት ይጀምራል፣ በ−4 አብዛኛው ያልቃል። ማታ ቀለል ያለ ጨርቅ አልብሰው፣ ጠዋት ግን ለንቦቹ ግለጠው።
አበባው ቡናማ ሆኖ ሳይረግፍ ከተንጠለጠለና የተሸከመው ቀንበጥ አብሮ ከጠወለገ ሞኒሊያ የሚባለው ፈንገስ ነው። ይህኛው ግርዛት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ደረቅ ቀን ስታገኝ ከደረቀው ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጤነኛው እንጨት ወርደህ ቁረጥ፣ ዛፉ ላይ ደርቆ የቀረ ፍሬ ካለም አንድ ሳታስቀር ልቀም።
ዛፉ ደከመ ብለህ ናይትሮጂን አታብዛበት። ለስላሳ ቀንበጥ ያወጣል፣ ሞኒሊያም ውርጭም የሚወዱት እሱን ነው።