ወንድሜ ማስቲሽ መሳብ ጀምሯል፤ ምን ላድርግ?

እህቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ክረምት ላይ መርካቶ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሙያ እንዲለምድ አስገባነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ጠባዩ ተለወጠ። እህል አይቀምስም። አፉ ዙሪያ ሽፍ ብሎበታል። ባለፈው እሁድ ሹራቡን ላጥብ ስገለብጠው እጅጌው ውስጥ ትንሽ ሃይላንድ አገኘሁ። ሥሩ ላይ ቢጫ ማስቲሽ ተጋግሯል። እጄን ሁለቴ ታጥቤም ሽታው አልለቀቀኝም። ስጠይቀው "ለሥራ ነው" ይላል። አባታችን ከሰማ በዱላ ነው የሚቀበለው። ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ስቦ ቢመጣስ ምን ላድርግ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ስቦ ከደረሰ አትጩኺበት፣ አታሯሩጪው፣ ማንም እንዳይመታው። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል ልብን በቀላሉ የምትበረግግ ያደርጋታል። በዚያ ሰዓት ከደነገጠ ወይም ከሮጠ የልብ ምቱ ተዛብቶ ቀጥ ሊል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ እንኳ በዚህ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ "ትንሽ ነው የሳበው" ብለሽ እንዳትጽናኚ።

መስኮት ክፈቺ፣ ሃይላንዱን ቀስ ብለሽ ተቀበዪው፣ አስቀምጪውና አጠገቡ ሁኚ። ከሰልም ሻማም ይራቅ፤ ትነቱ እሳት ይስባል። ራሱን ስቶ እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኚው፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውዪ። ትንፋሽ ከሌለው ሰው እያስጠራሽ የደረቱን መሐል በሁለት እጅሽ ጠንከርና ፈጠን አድርገሽ ተጫኚ። "ወተት አጠጪው" የሚልሽ አይጠፋም፤ አትስሚ። የገባው በሳንባው ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም።

የቀድሞ ሊስትሮ፦
እኔ ከ11 ዓመቴ ጀምሮ ሦስት ዓመት ስቤአለሁ። ጎዳና ላይ ነበርኩ። ረሃብ ያስረሳል፣ ብርድ ያስረሳል። ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ይለቅሻል፤ ከዚያ ደግመሽ ትስቢያለሽ። በመጨረሻ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንድ ቀን ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቅ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ሐኪሙ ነርቭህ ተጎድቷል አለኝ። ካቆምኩ በኋላ ወራት ፈጅቶ ተሻለኝ። አብሮኝ ይስብ የነበረው ጓደኛዬ ግን ዛሬም በከዘራ ነው የሚሄደው።

ዱላውን ጠግቤዋለሁ፤ እሱ አላስቆመኝም። አንዲት ጉልት የሚሸጡ እናት ማታ ማታ "በላህ?" ይሉኝ ነበር። እሳቸው ጋ ስቤ መሄድ አፈርኩ። የመተዌ ጅማሬ እሱ ነው።

ጫማ ሰፊው፦
25 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥፋቱ የኛም ነው። በር ዘግተን፣ ቆርቆሮውን ከፍተን ቀኑን ሙሉ እንለጥፋለን፤ ልጁ ሳይፈልግ ይስባል። አንዳንዱ ማስቲሽ ውስጥ ሄክሴን የሚባል ነገር አለ። ከላይ ሊስትሮ የነበረው ወንድሜ እንዳለው እግር የሚያደነዝዘው እሱ ነው፤ ሠራተኛም ላይ ይደርሳል። እኔ አሁን ደጅ ላይ ነው የምለጥፈው፤ ቆርቆሮውንም ቆልፌ ነው የምገባው። ወንድምሽን ከዚያ ቤት አውጪው። ሽታው አጠገቡ እያለ ተው ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

እማማ፦
ልጄ፣ አባቱን አትደብቂው። ልጁ በሌለበት፣ አባትሽ ቡና ጠጥቶ ረጋ ሲል ንገሪው። ነርሷ ስለ ልብ ያለችውን እንዳለ አንብቢለት። ልጁ እንዲሞትበት የሚፈልግ አባት የለም።

ነርሷ፦
እማማ እውነታቸውን ነው። የቆየ ጉዳቱንም ልንገርሽ። ቶሉዊን ስብ ወዳለበት ይሄዳል፤ አንጎል ደግሞ ስብ የበዛበት ነው። ሲቆይ መርሳት፣ መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተት ይመጣል። ጆሮም ያደክማል። ኩላሊትን ሲነካ የደም ፖታሲየም ይወርድና ጡንቻ ይዝላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ማስቲሽ እንደሚስብ በግልጽ ተናገሪ፤ ኩላሊቱንና ፖታሲየሙን ይዩለት። ለሱሱ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሱሱን የሚያስቆም ክኒን የለም፤ ሕክምናው በአብዛኛው ምክርና ክትትል ነው። እና ቤንዚን እንዳይሞክር፤ እሱ የደም ካንሰር እስከማምጣት ይደርሳል።

እህቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ለአባቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ "እኔ ነኝ የምወስደው" አለ። ወንድሜ ዛሬ ጫማ ቤት አልሄደም። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ነን። የደም ምርመራው በባዶ ሆድ ነው እንዴ?

ነርሷ፦
ለኩላሊትና ለፖታሲየም አያስፈልግም። ቁርሱን አብዪው።