ወደ ማተሚያ ቤት ፋይል ከመላካችን በፊት፦ ብሊድ፣ ፕሩፍ፣ ሲፒኤም እና ሌሎችም

ጥያቄ፦ ከአንዲት አባል

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ከእህቴ ጋር አነስተኛ የትርጉም አገልግሎት ድርጅት ከፍተናል። በአማርኛና በምንኖርበት አገር ቋንቋ የተዘጋጀ በራሪ ወረቀትና ቢዝነስ ካርድ ለማሳተም ፋይሉን ብንልክ፣ ማተሚያ ቤቱ «ብሊድ የለውም፣ ቀለሙም አርጂቢ ነው፤ አስተካክላችሁ ላኩና ፕሩፍ እንልክላችኋለን» የሚል መልስ ሰጠን። ማስታወቂያ የሚያሠራጭልን ድርጅትም ክፍያው በሲፒኤም እንደሚታሰብ የሚገልጽ ውል ልኮልናል። በሙያው ያላችሁ ብታስረዱን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ፦ በኅትመት ዝግጅት ሥራ ላይ ካለ አባል

እህታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፤ ሥራውንም የተባረከ ያድርግላችሁ። ማተሚያ ቤቱ የጠየቃችሁ ነገር ተገቢ ነው። እነዚህን ቃላት ማወቅ የሚጠቅመውም ስሕተት ሲፈጠር ኪሳራው የማን እንደሚሆን የሚወሰነው በእነሱ ስለሆነ ነው።

በራሪ ወረቀት የሚታተመው በሰፊ ወረቀት ላይ ብዙ ቅጂ ተደርድሮ ሲሆን፣ በኋላ በመቁረጫ ማሽን ተደራርቦ ይቆረጣል። ምላጩ በጥቂቱም ቢሆን ወዲያና ወዲህ ማለቱ ስለማይቀር፣ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ ከመቁረጫው መስመር አልፎ እንዲዘልቅ ይደረጋል፤ ብሊድ የሚባለው ይህ ትርፍ ነው። በአብዛኛው በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ነው፤ በኢንች በሚለካበት አገር ደግሞ የኢንች አንድ ስምንተኛ ይጠየቃል። ስለዚህ 148 በ210 ሚሊሜትር የሆነው ኤ5 ወረቀት ፋይሉ 154 በ216 ሆኖ ይዘጋጃል ማለት ነው። ጽሑፍን ግን በተቃራኒው ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 3፣ ቢቻል 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ይህ ካልተደረገ በጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል፣ ወይም የስልክ ቁጥራችሁ የመጨረሻ አኃዝ ተቆርጦ ይወጣል።

አርጂቢ ስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ቀለም የሚፈጥርበት መንገድ ነው። ኅትመት ግን በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ይሠራል። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ሰማያዊ በእነዚህ አራት ቀለሞች ሊገኝ ስለማይችል ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ይህም የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም። ፋይሉን ራሳችሁ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይራችሁ ውጤቱን አስቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል። ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ በጥቁሩ ቀለም ብቻ እንዲታተም አድርጉ። ከአራቱ ቀለሞች ተደባልቆ የተሠራ ጥቁር፣ ቀለሞቹ በጥቂቱ እንኳ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዛል፤ ለፊደላችን ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቱ እና ቲ የሚለዩት በእግራቸው በስተቀኝ ባለችው ትንሽ ቅጥያ ከፍታ ብቻ ነውና፣ በደቃቅ ጽሑፍ ላይ ቅጥያዋ ስትደበዝዝ ቃሉ ሌላ ሆኖ ይነበባል።

ፎቶ በሚታተምበት መጠን ላይ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ) ጥራት ቢኖረው ጥሩ ነው። በስፋቱ 1200 ፒክሰል የሆነ ፎቶ በዚህ ስሌት ከ10 ሴንቲሜትር ብዙም አይዘልቅም። ሎጎን ከድረ ገጽ ገልብጦ ከመላክ ይልቅ፣ ምንም ያህል ቢተልቅ ጥራቱን የማያጣውን የቬክተር ፋይል ሎጎውን ከሠራላችሁ ዲዛይነር ተቀበሉ። የወረቀቱ ውፍረት በጂኤስኤም፣ ማለትም አንድ ካሬ ሜትሩ በሚመዝነው ግራም ይገለጻል፤ የተለመደው የቢሮ ወረቀት 80 ነው፣ ለበራሪ ወረቀት ከ130 እስከ 170፣ ለቢዝነስ ካርድ ከ300 በላይ ምረጡ።

የአማርኛ ጽሑፍ ዋነኛ ችግር ፎንት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል በሚጠቀሙበት የጋራ መለያ ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክት ድርድር ይሆናል፤ በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ ባዶ ሳጥኖችን ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው ፎንቱን በፒዲኤፍ ፋይሉ ውስጥ አካትቶ መላክ ወይም ጽሑፉን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው የፊደል ቅርጽ ሥዕል መለወጥ ነው። አውትላይን የሆነ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ሊታረም ስለማይችል ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

አደራ የምላችሁ ግን ስለ ፕሩፍ ነው። ፕሩፍ ከኅትመት በፊት ለማረጋገጫ የሚላክ ናሙና ሲሆን፣ «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ በናሙናው ላይ የነበረ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ባለሙያ አማርኛ የማያነብ ከሆነ ቃል ቢገደፍ ወይም መስመር ቢዘዋወር ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ ናሙናውን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሙት፤ ጽሑፉን ያላዘጋጀ ሌላ ሰው ያንብበው፤ በስልክ ቁጥሩ ደውሉ፤ የኪውአር ኮዱንም ከወረቀቱ ላይ በስልካችሁ ሞክሩት። የቀለሙ ትክክለኛነት የሚያሳስባችሁ ከሆነ በስክሪን የሚታየው ናሙና ስለማይበቃ የታተመ ፕሩፍ ጠይቁ።

ተጨማሪ መልስ፦ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ካለች አባል

ወንድማችን ኅትመቱን በሚገባ ስላብራሩ እኔ ስለ ውሉ ልጨምር። ሲፒኤም ማስታወቂያው 1000 ጊዜ ለታየበት የሚከፈል ዋጋ ነው። እያንዳንዱ መታየት ኢምፕሬሽን ይባላል፤ ሪች ግን ያዩት ሰዎች ብዛት ነው። 10,000 ኢምፕሬሽን ማለት 10,000 ሰው ማለት አይደለም። በተለይ አማርኛ አንባቢው ጥቂት በሆነበት ከተማ ያው 500 ሰው እያንዳንዱ 20 ጊዜ አይቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም ቁጥሮች በሪፖርቱ ላይ ለየብቻ እንዲቀመጡና ለአንድ ሰው የሚታይበት ብዛት ገደብ እንዲደረግበት ጠይቁ።

ማስታወቂያውን ተጭኖ መክፈት ክሊክ ይባላል፤ ከ10,000 ኢምፕሬሽን 50 ክሊክ ከተገኘ የክሊኩ መጠን 0.5 በመቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደውለው ሥራ ያዘዙት ደግሞ ኮንቨርዥን ይባላሉ። እኔ ውልን የምመዝነው በዚህ ነው፤ የከፈላችሁትን ጠቅላላ ገንዘብ ለደንበኞቹ ቁጥር ስታካፍሉት አንድ ደንበኛ ስንት እንዳስወጣችሁ ይታያችኋል። ውጤቱ ከአንድ ሥራ ከምታተርፉት በላይ ከሆነና ደንበኛው ተመልሶ የማይመጣ ከሆነ፣ ክሊኩ ምንም ያህል ቢበዛ ውሉን አታድሱት። በራሪ ወረቀቱንም በዚሁ መንገድ መለካት ይቻላል፤ በየምታድሉበት ቦታ የተለያየ ኪውአር ኮድ ካተማችሁ ደንበኛው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ይህ ግን ከፕሩፉ በፊት መወሰን ያለበት ስለሆነ፣ ፋይሉን መልሳችሁ ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩበት።